የኢኔሳ ሳቅ

ስልኩ በጠዋት ሲጮህ ያነሳችው እንደ ወትሮው ግላፊራ ኩዝሚኒሽና ነበረች። ስልኩ የተሰቀለው ከእሷ በር አጠገብ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ አራት ቤተሰብ አንድ ወጥ ቤትና አንድ መታጠቢያ ቤት በሚጋራበት በዚያ አፓርታማ ውስጥ ማን ለማን እንደሚደውል ቀድማ ካላወቀች ቀኑ የጀመረ አይመስላትም ነበር። «ከስቱዲዮ ነው፤ ሎባኖቫን ይፈልጋሉ» አለች ድምፅዋን ሳብ አድርጋ። ኢኔሳ ከክፍሏ ወጣች። ፀጉሯ አልተበጠረም፤ በሌሊት ልብሷ ላይ የባሏን የሱፍ ሹራብ ደርባ በባዶ እግሯ ነው የመጣችው። እሷና ባሏ ከአገር ለመውጣት ካመለከቱበት ከመስከረም ወዲህ ከስቱዲዮ የደወለላት ሰው አልነበረም። እጇን ዘረጋች። ግላፊራ ግን የስልኩን እጀታ ከደረቷ አንስታ እንደገና ጆሮዋ ላይ አደረገችው፤ «እሺ፣ ገባኝ፣ እሺ» አለችና፣ «አንቺን አይደለም የኔ ልጅ፣ ትልቋን ነው» አለቻት።

ትልቋ፣ ካፒቶሊና፣ የአጃ ገንፎ ድስት እንደያዘች በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ኢኔሳ የዘረጋችውን እጅ ወዲያው አላጠፈችውም፤ መንገድ የምታሳይ አስመስላ ወደ ስልኩ ጠቆመችና ግድግዳውን ተጠግታ እህቷን አሳለፈች። ኮሪደሩ በአሮጌ ሻንጣዎችና በበረዶ መንሸራተቻዎች ስለተጣበበ ትከሻቸው ተነካካ። ስቱዲዮው ለካፒቶሊና ደውሎ አያውቅም። ለእሷ የሚመጣው ፖስትካርድ ነው፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ለድምፅ ይቅረቡ የሚል፣ በታይፕ የተመታ ግራጫ ፖስትካርድ። ስልክ ፊቱ ለሚታይ ተዋናይ ነበር፣ ፖስትካርድ ድምፁን ብቻ ለሚሰጥ። በሃምሳ ዓመቷ የካፒቶሊና ፊት በአገሩ ሲኒማ ቤቶች የታየው ቢደመር አንድ ሰው ሻይ ጠጥቶ ለሚነሳበት ጊዜ እንኳ አይበቃም። አንዴ የባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ሆናለች፣ አንዴ ነርስ ሆናለች፣ አንዴ ከጦርነቱ በኋላ እውነተኛ ሚና አግኝታ ፊልሙ ሊወጣ ሲል ክፍሉ ተቆርጦ ቀርቷል። በቴአትር ቤቱም ዕድሜዋን የጨረሰችው ትሪ ይዛ እየገባችና እየወጣች ነው። ድምፅዋ ግን ያልደረሰበት ከተማ አልነበረም። የጣሊያን መበለቶች፣ የፈረንሳይ ሌቦች ሚስቶች፣ ሳሪያቸው በዝናብ ርሶ የሚያለቅሱ የህንድ ሴቶች ሁሉ በሩሲያኛ የተናገሩት በእሷ አፍ ነው። ዳቦ ቤት ሄዳ «የሰልፉ መጨረሻ ማነው?» ስትል ከፊቷ የቆሙት ሴቶች ዞር ይላሉ። ድምፁን ያውቁታል፣ ከየት እንደሚያውቁት ግን አይመጣላቸውም፤ ፊቷን ያዩና መልሰው ይዞራሉ።

የደወለው የስቱዲዮው ምክትል ኃላፊ ሮስቲስላቭ ኢግናትየቪች ራሱ ነበር። «ካፒቶሊና አንድሬየቭና፣ አንድ ትንሽ ጉዳይ ነበረችን፤ ዛሬውኑ ብቅ ቢሉልን። መኪና ልልክልዎ አስቤ ነበር፣ በኋላ ጎረቤቱ ይደነግጣል ብዬ ተውኩት» አለና በራሱ ቀልድ ሳቅ አለ። ካፒቶሊናም ሳቀች፤ ሰው በጠዋት እንዲህ ሲስቅላት አለመሳቅ አይቻልም። ስልኩን ስትዘጋ ግላፊራ ሊጣል የተቀመጠ የድንች ልጣጭ እንደገና ትለቅም ነበር።

እህትማማቾቹ የሚኖሩት በአንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ ነው። መሀሉ ላይ ቁም ሳጥን ቆሞ ለሁለት ይከፍለዋል፤ በመስኮቱ በኩል ኢኔሳና ባሏ ናውም፣ በበሩ በኩል ካፒቶሊና። የቁም ሳጥኑ በሮች የሚከፈቱት ወደ ካፒቶሊና ስለሆነ ኢኔሳ ልብስ በፈለገች ቁጥር ወደ እህቷ መምጣት ነበረባት፤ ለዓመታት ብዙ ነገር የተነጋገሩትም እንዲህ፣ አንዷ ከልብሶቹ መካከል ሆና ሌላዋ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነው። ማመልከቻው ከገባ ወዲህ ግን የመስኮቱ በኩል እየሳሳ ሄደ። መጀመሪያ ፒያኖው ተሸጠ፣ ከዚያ መጻሕፍቱ፣ ከዚያ ምንጣፉ። አሁን ናውም ሲራመድ የወለሉ ጣውላ እንደ ባዶ ቤት ያስተጋባል። በዚያ ጠዋት ናውም ነጭ ሸሚዙን ይተኩስ ነበር። የመውጫ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ መልስ ሊነግረው ቀጥሮታል፤ የቀጠሩት ብቻውን ነው። ከሚያውቋቸው አመልካቾች ግማሾቹ ባልን ብቻውን መጥራት ጥሩ ምልክት ነው ይላሉ፣ ግማሾቹ መጥፎ ነው ይላሉ፤ ሁለቱም ወገኖች ማስረጃ አላቸው።

ኢኔሳ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሆና፣ «የጠሩሽ ስለ እኔ ፊልም ነው» አለች።

«አልነገሩኝም።»

«ሌላ ምን አላቸው? በጋውን ስንቀርጸው የከረምነው ፊልም ድምፅ አልገባበትም። እኔን ደግሞ ዘበኛው በሩን አያሳልፈኝም። ድምፅ የሌለው ፊት እጃቸው ላይ ቀርቷል፤ ፊት የሌለው ድምፅ ማን ቤት እንዳለ ደግሞ ያውቃሉ።»

ካፒቶሊና ቦት ጫማዋን ትስብ ነበር፤ የጫማውን ዚፕ እስከ ጉልበቷ ዘግታ ጨረሰች። «አልሄድም ልበላቸው?»

«ሂጂ እንጂ። አንቺ ካልሄድሽ ታሚላ ሮጎቫን ያመጣሉ። ያቺ ሴትዮ ስታወራ እኮ ዶሮ ደረጃ ስትወርድ ነው የሚመስለው። ፊቴ ላይ ዶሮ ያስቀምጡብኝ?»

ናውም ከካውያው ቀና ሳይል ፈገግ አለ። ኢኔሳ ግን ዞራ መጣችና ከእህቷ አጠገብ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ፊልሙ ለግድብ ሲባል ውሃ ሊውጠው ስለተወሰነ አንድ መንደር ነው፤ ኢኔሳ የመንደሩን የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆና ትጫወታለች። በመጨረሻው ላይ ሁሉም ሄዶ እሷ ብቻ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች፣ ውሃው ደረጃውን አንድ አንድ እያለ ይወጣል፣ ጫማዋን ሲነካት ታለቅሳለች ብሎ ሰው ሲጠብቅ ትስቃለች። ያን በቀረጹበት ቀን ንፋስ አልነበረም። ሳቁ ቦታው ላይ በተቀዳው ቴፕ እንዳለ ጥርት ብሎ ወጣ፤ የድምፅ ባለሙያዋ ዞያ በስቱዲዮ ይህን የሚደግም የለም፣ እንዳትነኩት ብላ ነበር።

«ቃሉን ሁሉ ውሰጂው ካፓ፣ ያንቺ ይሁን» አለች ኢኔሳ የእህቷን ስም አሳጥራ። «ሳቄን ብቻ ተዪልኝ። ከዚህ አገር ከእኔ የሚቀር ነገር ቢኖር እሱ ነው።»

«እጠይቃቸዋለሁ።»

«አትጠይቂያቸው፤ ንገሪያቸው።»

«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» አለች ካፒቶሊና። ኢኔሳ የእህቷን የካፖርት አንገት አስተካከለችላትና ወደ መስኮቱ በኩል ተመለሰች። ናውም ሸሚዙን መተኮስ ከጨረሰ በኋላ እንደገና ከእጅጌው ጀመረ።

በትራሙ ውስጥ የመስኮቶቹ በረዶ ስለወፈረ ሰው ሁሉ በጣቱ ባቀለጣት ቀዳዳ እያየ ነው የሚሄደው። ከፊቷ ሁለት ሴቶች ስለ ፊንላንድ ጫማ ያወራሉ፤ አርባ አምስት ሩብል ነው፣ ለዚያውም ሰልፉ ሱቁን አልፎ እስከ ድልድዩ ደርሷል፣ ለዚያውም ያለው ቁጥር ትንሹ ብቻ ነው። «እግሬን ብቆርጠው ይሻላል» አለች አንደኛዋ። ካፒቶሊና ለምክትሉ የምትለውን በልቧ ታጠና ነበር። ሳቁ ይቀራል። አይሆንም፣ ይህ ትእዛዝ ይመስላል። ሳቁ እንዳለ ቢቀር። ይህ ደግሞ ልመና ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር በስንት ዓይነት መንገድ ሊባል እንደሚችል ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን በራሷ ስም የምትለው ዓረፍተ ነገር ከመጣ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። በስቱዲዮው በር ላይ ዘወትር መታወቂያዋን ገልብጦ የሚያየው ዘበኛ ዛሬ ከወንበሩ ተነሳ። «ይለፉ፣ ይለፉ፣ እየጠበቁዎት ነው» አላት። ከበሩ አልፋ ግቢውን ስታቋርጥም ጀርባዋን የሚያያት መሰላት።

ሮስቲስላቭ ኢግናትየቪች ቢሮው ውስጥ በሸክላ ማሰሮ የተከለው ትልቅ የሎሚ ዛፍ ነበረው። ካፒቶሊና ስትገባ ወተት የነከረበት ጥጥ ይዞ የዛፉን ቅጠሎች አንድ በአንድ ይወለውል ነበር፤ እያነጋገራትም አላቆመም። ሻይ አስመጣላት። ብርድ እንዴት እንደያዛት፣ ጉልበቷን አሁንም ያማት እንደሆነ ጠየቃት። ጉልበቷን እንደሚያማት ለማንም መናገሯን አታስታውስም ነበር። «ፊልሙን እንጣለው ያሉ አሉ» አለ ቅጠል ገልብጦ። «እኔ ነኝ የተሟገትኩት። ሥልጡን ሰዎች ነን። ስንት ሰው የለፋበት ሥራ ነው። ዳይሬክተሩ ፕላቶን ግሌቦቪች ደግሞ ልቡን ያመዋል፤ ይህ ፊልም መደርደሪያ ላይ ከቀረ እሱም አብሮ መደርደሪያ ላይ መቅረቱ ነው። ደስ ይልዎታል?»

«አይለኝም።»

«አውቃለሁ እኮ። የክብር አርቲስት ማዕረግዎ ጉዳይ ደግሞ እዚያ ፋይል ውስጥ ስንት ዓመት አስቆጠረ? ግፍ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ይዞ ማዕረግ አለማግኘት ግፍ ነው። በግንቦት ሲወጣ በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ስምዎ በትልቁ ይጻፋል። ፖስታ ቤት ሠራተኛዋ፣ ካፒቶሊና ሎባኖቫ።»

«ፊቱ የኔ አይደለም።»

«የእህት ፊት ይመሳሰላል። ደግሞስ ፊት ማን ያስታውሳል?» ሲል ጥጡን እንደገና ወተቱ ውስጥ ነከረው።

ካፒቶሊና ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ያጠናችውን አልተናገረችም፤ እንደመጣላት፣ ፈጠን ብላ፣ «የመጨረሻው ሳቅ በበጋ የተቀዳው ነው የሚገባው። እሱን አልነካም። እህቴም ያን ብቻ ነው ያለችው» አለች። ሮስቲስላቭ ኢግናትየቪች ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅጠሉ ቀና ብሎ አያት። «ሳቅ ቃል አይደለም» አለ። «ሳቅ ላይ ማን ምን ይላል? ይሁን።» ካፒቶሊና ሻይዋን እንደገና አነሳች፤ እንዲህ በቀላሉ ይሆናል ብላ አልጠበቀችም። ደስታዋን ለመሸፈን ያህል፣ «በግንቦት ፊልሙ ሲወጣ እሷ እዚህ አትኖርም፤ ቢሆንም ነገሩ ያስጨንቃታል» አለች። ሰውየው ወደ ዛፉ ተመለሰ። «ለመሆኑ እንደምትሄድ ማን ነገረዎት?» አለ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያወራው፣ ጥያቄውን በጥያቄ እየመለሰ፤ ስለዚህ ካፒቶሊና ልብ ሳትለው ሻይዋን ጨረሰች።

የሚናው ምልልስ የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብላ ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ ካፖርቷን፣ ቦርሳዋንና ወረቀቱን ባንድ ላይ ይዛ ነበርና ወረቀቱ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተበተነ። መብራት ሠራተኞች መሰላል ተሸክመው እየመጡ ነበር፤ ወዲያው ቆሙ። ማንም ሊያነሳላት አላጎነበሰም። የሚና ወረቀት መሬት ከወደቀ ተዋናዩ ራሱ መጀመሪያ ይቀመጥበታል፣ ከዚያ ነው የሚያነሳው፤ ጭቃም ላይ ቢሆን፣ ሚኒስትር ፊትም ቢሆን። ሳይቀመጥበት ካነሳው ወይም ትቶት ከሄደ ሚናውን አልፈልግም ማለቱ ነው፣ ይህን የማያውቅ የጽዳት ሠራተኛ እንኳ በዚያ ቤት የለም። ካፒቶሊና ወረቀቶቹን ቁልቁል አየቻቸው። በየገጹ አናት ላይ የኢኔሳ ስም በሰማያዊ እርሳስ ተሰርዟል። ዝም ብላ በላያቸው ተራምዳ ልትሄድ ትችል ነበር፤ ሰዎቹም መሰላላቸውን ይዘው ያልፉ ነበር፣ ማንም ቃል አይተነፍስም ነበር። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ የሚያማትን ጉልበቷን ይዛ፣ ቀዝቃዛው ወለል ላይ ተቀመጠች። «እንዲህ ነው» አለ ሮስቲስላቭ ኢግናትየቪች ከበሩ ላይ ሆኖ፣ ቀስ ብሎ በሁለት ጣቱ መዳፉን እየመታ።

የድምፅ ማስገቢያው ክፍል መስኮት የለውም። ግድግዳው በወፍራም ጨርቅ ስለተሸፈነ ሰው ሲገባ ጆሮው የተደፈነ ይመስለዋል። ፊልሙ በትናንሽ ቁራጭ ይቆረጥና ጫፍና ጫፉ ተያይዞ ቀለበት ይሠራል፤ ያ ቀለበት ሳያቋርጥ እየዞረ አንዱን ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ያሳያል፣ ተዋናይዋም ቃሉ ከከንፈሩ ጋር እስኪገጥም ትናገራለች። ከመስታወቱ ጀርባ ዞያ በማዳመጫዎቿ መካከል ተቀምጣለች። ዳይሬክተሩ ፕላቶን ግሌቦቪች ጥግ ላይ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ምላሱ ሥር የልብ ኪኒን አለ። መብራቱ ጠፋና ኢኔሳ ግድግዳውን ሙሉ ሆና መጣች። ነሐሴ ነው፣ አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጧል። አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ዞር ትላለች፤ እንደገና ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ዞር ትላለች። ለባዕድ ተዋንያን ድምፅ ስትሰጥ ካፒቶሊና ከንፈራቸውን እያደነች ነበር የምትሠራው። እዚህ ማደን አላስፈለጋትም። ኢኔሳ ከየትኛው ቃል በፊት ትንፋሽ እንደምትስብ፣ ስትዋሽ ድምፅዋ ወዴት እንደሚሄድ፣ ስትቆጣ የመጨረሻውን ፊደል እንዴት እንደምትውጠው ታውቃለች። ሥራው ውሃ እንደሚፈስ ሄደ። ዞያ ከቀለበት ወደ ቀለበት ስትቀይር «ጥሩ ነው» ማለቱን እንኳ ተወችው።

ምሳ ሰዓት ላይ በስቱዲዮው መብል ቤት ሰዎች ትሪያቸውን ይዘው ወደ እሷ ጠረጴዛ መጡ። ለሳምንታት ጥቂቶቹ ሰላምታዋን ያልሰሙ መስለው አልፈዋት ነበር። አሁን ስለ ጎመን ሾርባው መቅጠን፣ ስለ ቁርጥማት መድኃኒት፣ ስለ አንዱ ሦስተኛ ጋብቻ አወሩላት። ስለ ኢኔሳ ማንም አልጠየቀም። ታሚላ ሮጎቫ የጎመን ኬኳን ይዛ ከጎኗ ተቀመጠችና ክንዷን ያዘቻት። «ካፖችካ፣ እኔንም ጠርተውኝ ነው የመጣሁት። ምናልባት ካመማት ነው ያሉኝ። እስከ ማታ ጠብቂ አሉኝ፣ እኔም ኬክ እየበላሁ እጠብቃለሁ። አላመመሽም አይደል?»

«አላመመኝም።»

«ጎሽ። እኔም ብሆን የሰው ሥራ ላይ መግባት አልወድም» አለች ታሚላ፣ ጣቷን እየላሰች።

የመጨረሻው ቀለበት ከሰዓት በኋላ መጣ። ደጃፉ፣ ውሃው፣ ከታች ሁለተኛው ደረጃ። ውሃው ጫማዋን ይነካል፣ ኢኔሳ ቁልቁል ታያለች፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች። ድምፅ የለም። ካፒቶሊና ከማይክራፎኑ ዘወር ብላ ሻርፏን መጠምጠም ጀመረች። «ይኼኛውስ የበጋው ነው፤ ቴፑን አስገቢው ዞዬችካ፣ እንስማውና እንሂድ» አለች። ቀለበቱ ይዞራል፤ ውሃው ይመጣል፣ ኢኔሳ ትስቃለች። በመጨረሻ ዞያ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጫነች።

«ቴፑ የለም ካፒቶሊና አንድሬየቭና። ጠዋት መጥተው ወሰዱት። ተሰርዟል።»

«ጠዋት መቼ?»

«እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት።»

ስለዚህ ሰውየው ቅጠሉን እየወለወለ «ይሁን» ሲላት ቴፑ ባዶ ነበር። ካፒቶሊና ወደ ፕላቶን ግሌቦቪች ዞረች፤ እሱ የካፖርቱን ቁልፍ እያየ ነው። «እንግዲያው ሳቅ አይኑርበት» አለችው። «ውሃው ይሰማ። ወፎች አስገቡ። ሰው ይገባዋል።»

«አፏ ተከፍቷል ካፓ» አለ ሽማግሌው በደከመ ድምፅ። «ከተከፈተ አፍ ድምፅ ካልወጣ ሰው እየሰጠመ ነው የሚመስለው። አያሳልፉልኝም። ቆርጠህ ጣለው ይሉኛል፤ እሱ ከተቆረጠ ፊልም የለኝም።» ከዚያ ወደ በሩ እያየ፣ «ታሚላ ውጭ ናት» አለ። ማስፈራራት አልነበረም፤ ያፈረ ሰው ነበር የሚመስለው።

ሻርፏ በእጇ እንዳለ ካፒቶሊና እህቷን አየቻት። ለኢኔሳ ቃል ሰጥታለች። ግን ኢኔሳ በግንቦት የት ትሆናለች? ከአገር የሚወጣው ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፍባት ቪየና፣ ወይ ከቪየና ወዲያ። ይህ ፊልም እዚያ አይደርስም። ታሚላ ብትስቀው የውሸት መሆኑ ለአገሩ ሁሉ ይሰማል፤ እሷ ብትስቀው የኢኔሳ አለመሆኑን የሚያውቁት በዚህ ክፍል ያሉት ብቻ ናቸው። ይህን ሁሉ ስታስብ ልቧ ፈጥኖ ይመታ ነበር፤ ፍርሃት ብቻ እንዳልሆነም አውቃለች። በጦርነቱ ጊዜ ጠላት ከተማውን በከበበበት የመጀመሪያ ክረምት እናታቸው ከሞተች በኋላ ካፒቶሊና አምስት ዓመት የሞላትን ኢኔሳን ጠቅልላ በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ አሻግራ ከከተማ አውጥታት ነበር። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ አልተናገረችም። ኡራል ውስጥ በአንድ ጎተራ ከስደተኞች ጋር ተኝተው ካፒቶሊና ማታ ማታ በስንት ዓይነት ድምፅ ተረት አወራችላት፤ ልጅቷ ግን ዝም ነው። አንድ ቀን ካፒቶሊና ውሃ ቀድታ ስትመለስ ወድቃ ባልዲው ሙሉውን ተደፋባትና እዚያው በረዶው ላይ ተቀምጣ፣ ከማዘን ይልቅ፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። ልጅቷም እሷን አይታ ሳቀች። እንደ እሷ፣ በዚያው ልክ፣ ጭንቅላቷን ጥላ። ቃል የመጣው ከወራት በኋላ ነው። ካፒቶሊና እንዲህ መሳቅ መቼ እንደተወች አታውቅም፤ ሳቁ ወደ ልጅቷ የተሻገረ ያህል እሷ ጋ ሳይቀር ሄዷል።

ሻርፏን ወንበሩ ላይ ጣለች። ወደ ማይክራፎኑ ተመለሰች። ውሃው ጫማውን ሲነካ ቁልቁል አየች፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጣለች።

አንዴ ብቻ ነው የቀዱት። መብራቱ ሲበራ ዞያ ማዳመጫዎቿን አውልቃ በሁለት እጇ ይዛለች። ፕላቶን ግሌቦቪች ተነስቶ ወደ ካፒቶሊና መጣና ግንባሯን ሳማት፤ «ይህንን የት ደብቀሽው ነው የኖርሽው?» አላት። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ስትኖር የዚህን ያህል ጥሩ ነገር ሠርታ እንደማታውቅ ገብቷታል፣ ደስም ብሏታል፤ ደስ ማለቱን ለማቆም ሞከረችና አልቻለችም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሮስቲስላቭ ኢግናትየቪች ከበሩ ውጭ ሆኖ ሰምቶ ኖሯል፤ ቀስ ብሎ ገባ። «እንግዲህ አሁን ማንም አያስፈልገንም» አለ፣ ሁሉንም በወዳጅነት እያየ። ስትወጣ ጸሐፊው ለዋና ተዋንያን የሚሰጠውን የምግብ ጥቅል አስረከበቻት፦ የታጨሰ ቋሊማ፣ በቆርቆሮ የታሸገ ዓሣ፣ ጥቁር ስንዴ፣ ሦስት ብርቱካን። እንዲህ ያለውን ጥቅል ከዚህ በፊት ወደዚያ ቤት ያመጣችው ኢኔሳ ብቻ ነበረች።

ቤት ስትደርስ ውጭው ጨልሟል፤ በየካቲት ገና ሠራተኛው ሳይወጣ ይጨልማል። ግላፊራ ኮሪደሩ ላይ አፍንጫዋን ቀና አደረገች። «ቋሊማ ነው። የታጨሰው» አለች። «ምን ተገኘ? ወይስ ምን ጠፋ?» ካፒቶሊና በሩን ዘጋች። ኢኔሳ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ብርጭቆዎችን በጋዜጣ ትጠቀልል ነበር፤ ናውም ገና አልተመለሰም። እህቷን እንዳየች እጇ ቆመ። ስለ ክፍሉ፣ ስለ ዞያ፣ ስለ ፕላቶን ልብ አንድም ነገር አልጠየቀችም።

«ተዉት?» አለች።

ካፒቶሊና ካፖርቷን እያወለቀች ነበር። አንድ እጇ ከእጅጌው ወጥቷል፣ አንዱ ገና ነው። «ተዉት» አለች። «እንዳለ ነው፤ ያንቺው ነው።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ኢኔሳ ተነስታ መጣችና ግማሽ ካፖርት የለበሰችውን እህቷን አቀፈቻት፣ አገጯን ትከሻዋ ላይ አድርጋ እንደ ልጅ ቆመች። «እንግዲያውስ ሌላው ምንም አይደለም» አለች። «ስሜንም ይሰርዙ፣ ምንም ያድርጉ። አየሽ፣ ብትነግሪያቸው እንደሚሰሙሽ አውቅ ነበር። አንቺ ነሽ ራስሽን የምትንቂው።» ከጥቅሉ አንድ ብርቱካን አወጣችና የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጣ በጥፍሯ ትልጥ ጀመር። ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ቀለል ብላ አልታየችም። በቪየና ክፍል ሲያገኙ ለካፒቶሊና ምን ዓይነት ጫማ እንደምትልክላት ታወራ ነበር፤ ቁጥሯን ሳትረሳ እንድትጽፍላት ነገረቻት።

ናውም ሲገባ ባርኔጣውን አላወለቀም። ነጩ ሸሚዝ ከአንገቱ ላይ ተጨማድዷል። በበሩ በኩል፣ በካፒቶሊና በኩል ቆሞ ቁም ሳጥኑን አላለፈም። «እንቢ አሉ» አለ።

ኢኔሳ የያዘችውን ልጣጭ አልጣለችም። «ምክንያቱስ?»

«ምክንያት ጠየቅኩ። ተገቢ ሆኖ አልተገኘም አለችኝ አንዲት ልጅ፣ ወረቀቱን ሳታይ። ከፈለጋችሁ ከአምስት ዓመት በኋላ አመልክቱ አለችኝ። አምስት ዓመት ኢኔሳ።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ባርኔጣውን እንዳጠለቀ መዳፎቹን አየ። ከሥራ ያባረሩት በኅዳር ነው። ኢኔሳ ቴአትር ቤቱን የለቀቀችው ከዚያ በፊት ነው። ወለሉ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለሉት ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ለመሆኑ እንደምትሄድ ማን ነገረዎት፣ ብሎ ነበር ሰውየው ቅጠሉን እያገላበጠ። ካፒቶሊና ያኔ አልሰማችም፤ አሁን ነው የሰማችው። ከግድግዳው ማዶ የግላፊራ ራዲዮ ቀስ ብሎ ጠፋ፤ የሚያዳምጥ ሰው ራዲዮ እንደሚያጠፋ።

ኢኔሳ አላለቀሰችም። ሄዳ የናውምን ባርኔጣ አነሳችለት፣ ፀጉሩን በመዳፏ አስተኛችለት። ከዚያ ወደ እህቷ ዞረች፣ ፊቷ ላይ አንድ ለየት ያለ ነገር ነበር፤ ከተሰበረ ዕቃ መካከል ያልተሰበረውን የምትፈልግ ሰው ነገር።

«እንግዲህ ፊልሙን አየዋለሁ ማለት ነው» አለች። «በግንቦት ነው አይደል ያሉሽ?»

«በግንቦት ነው።»

«ሦስታችንም እንሄዳለን። የጠዋቱን ትርዒት፣ ሰው የማይበዛበትን። ቃሉን እንዴት እንዳደረግሽው እሰማለሁ፤ አልቀየምሽም፣ እውነቴን ነው። እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። ናውም እኮ ያን ቀን የሳቅኩትን ሰምቶት አያውቅም።» ብርቱካኑን ለሦስት ከፈለች፤ ትልቁን ድርሻ ለካፒቶሊና ሰጠቻት። «አንቺ ዛሬ ሰምተሽዋል። ንገሪው እስቲ። ጥሩ ነው የሚሰማው?»

ካፒቶሊና እህቷን አየች፣ ናውምንም አየችው፤ እሱም ቀና ብሎ መልሷን እየጠበቀ ነበር። «በጣም ጥሩ ነው» አለች። ከዚያ የተሰጣትን ሁሉ ባንዴ ጎረሰችው። ፍሬውንም አልተፋችም፤ አፏ እንዲሞላ፣ ቀስ እያለች፣ የሚጠይቃት እስኪጠፋ ድረስ አኘከች።